የፍቅር ደራሲና ቀርፋፋው ኮምፒዩተር



የፍቅር ደራሲ ቀኑን ሙሉ ፍቅር ሲያስብ የሚውል ይመስለናል። ከመጻፊያው ጋር መታገልም ግን አለበት።

የአገራችን ልጅ ክቡር ዶ/ር ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ነው። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። ለምን? «የሚወዳት አለ» የሚለውን አንብቡት እስቲ። «ለ» ከጠበቀ ወዳጅ አላት ማለት ነው፤ ከላላ ግን ሰውየው አንድ ነገር ተናገረ ማለት ነው። ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም!

በእጅ ሲጻፍ ነጥብ መጨመር ቀላል ነው። በማሽን ግን ፊደሉ ራሱ ያስቸግራል። ፊደላችን ከ200 በላይ ነው፣ የኮምፒዩተር መምቻው ግን ያን ያህል የለውም። ስለዚህ «ሉ» ለማለት መጀመሪያ «ል»ን፣ ቀጥሎ «ኡ»ን እንመታለን።

ኮምፒዩተሩ ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ኮምፒዩተር ራም የሚባል ጊዜያዊ ማስታወሻ አለው። ራም እንደ ዴስካችን ነው። ዴስኩ ጠባብ ከሆነ አንዱን ደብተር ለማውጣት ሌላውን ቦርሳ ውስጥ እንመልሳለን፣ በዚህ ጊዜ ይባክናል። ራሙ ትንሽ ሆኖ ብዙ ፕሮግራም ሲከፈትም እንዲሁ ነው፤ ደራሲው መትቶ ጨርሷል፣ ፊደሉ ገና አልወጣም። ሐሳቡም እስከዚያ ይጠፋበታል።

ከሁሉ የሚከፋው መብራት ሲጠፋ ነው። ራም ላይ ያለ ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣ ጠዋት ሙሉ የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤም ቢሆን። ስለዚህ የሚጽፍ ሰው በየአንቀጹ ኮንትሮልና ኤስን አብሮ ይጫን፣ የማይፈልገውንም ፕሮግራም ይዝጋ። በተለይ ዘፈኑን።