«ጠፋች» ከመባልሽ በፊት

አዲስ የመጣች እህታችን ዱባይ፣ ሻርጃ ወይም አጅማን ሰው ቤት ስትገባ ቋንቋው ብቻ አይደለም የሚከብዳት። በቀለሟ የሚንቋት አሉ፤ ለአንድ ዓይነት ሥራም ደመወዙ በፓስፖርት ይለያያል። እኔም ሰው ቤት ስሠራ ያየሁት ይኼንኑ ነው።

ሕጉ ግን ሌላ ይላል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 9፣ በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር ማዳላትን ይከለክላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት አለሽ፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ። በዓመት 30 ቀን ፈቃድና የጤና መድንም አለሽ። ደመወዝሽ ቀኑ ከደረሰ በ10 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ፓስፖርትሽን የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ ማዳምም መክተብም አይደሉም።

ታዲያ ብዙዎቻችን የምንወድቀው የት ነው? በሩ ላይ። ደመወዝ የተከለከለች ልጅ ተናዳ ትወጣለች፤ ሻርጃ ጓደኛዋ ጋ አልጋ ትጋራለች። አሠሪዋ በ5 ቀን ውስጥ «ጠፋች» ብሎ ያመለክታል። ያን ጊዜ ተበዳይዋ ጥፋተኛ ትሆናለች። መኖሪያ ፈቃዷ ተሰርዞ የእፎይታው ጊዜ ሲያልፍ በቀን 50 ድርሃም ይቆጠርባታል። ብትታመም እንኳ ሐኪም ቤት መሄድ ትፈራለች። «ምሕረት ይመጣል» ብሎ መቀመጥም አያዋጣም፤ የ2024ቱ ዲሴምበር 31 ላይ አብቅቷል።

ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት አቤት በይ። የሥራ ሚኒስቴሩ ስልክ 80084 ነው። መጀመሪያ ሊያስማማችሁ ይሞክራል፤ ካልሆነ እስከ 50,000 ድርሃም ባለ ክርክር ራሱ መወሰን ይችላል። የኮንትራትሽንና የፓስፖርትሽን ፎቶ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ደመወዝ የተቀበልሽበትንና የቀረብሽን ወር ደብተር ላይ ጻፊ። ማዳምን በድብቅ ቀርጸሽ ቲክቶክ ላይ እንዳትለጥፊ፤ በዚህ አገር ሕግ ተከሳሿ አንቺ ትሆኛለሽ።

ከመቱሽ ወይም ሊደፍሩሽ ከሞከሩ ግን ምንም አትጠብቂ። ውጪና 999 ደውዪ። ሐኪም ቤት ታከሚ፣ የምርመራ ወረቀቱን ያዢ፤ ልብስሽን ሳታጥቢ አስቀምጪ። በዚያው ቀን ለሚኒስቴሩ አሳውቂ፤ ዱባይ ወዳለው ቆንስላችንም ሂጂ። ያንቺ ቃል ከአሠሪሽ ቃል ቀድሞ ይመዝገብ።

ይኼን ያነበብሽ እህቴ፣ ትናንት ለመጣችው ልጅ በቃል ንገሪያት። ስልክ ተቀምታ ሊሆን ይችላል፤ 80084ን በቃሏ ትያዝ።