የተጣበቀው ጉርጥ በአማርኛ ቤት ይመታል?

አንድ ጉርጥ መንገድ ላይ በቀለጠ ማስቲካ ይጣበቃል። ዝይ፣ ንብና ቁራም ተራ በተራ ይከተሉታል። ሁሉም እንደተያዙ የጭነት መኪና ብቅ ይላል። አሜሪካዊቷ ሊሳ ዊለር እ.አ.አ በ2004 ያሳተመችው «ባብል ገም፣ ባብል ገም» የተሰኘ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ታሪክ ይህ ነው።

ልጆችን የሚያስቃቸው የመከራው መደራረብ ብቻ አይደለም። ግጥሙ ቀጣዩን ቃል ስለሚጠቁም ልጁ ከአንባቢው ቀድሞ ይጮኻል፤ ቃሉም በዚያው አፉ ላይ ይቀራል።

ልጆቻቸው ቀኑን በእንግሊዝኛ የሚውሉ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ኢትዮጵያውያን ወላጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ማታ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለሰ የሚያነብ ወላጅ ታሪኩን ያደርሳል፤ ጨዋታውን ግን ያጣል። «ቶድ» እና «ሮድ» በእንግሊዝኛ ቤት ይመታሉ፤ «ጉርጥ» እና «መንገድ» አይመቱም።

የሚያዋጣው ስሞቹን ትቶ ግሡን መያዝ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር፣ ቤት የሚመታው «ማን» የሚለው ሳይሆን «ምን ሆነ» የሚለው ነው። «ተጣበቀ» ካለ «ወደቀ»፣ «ተጨነቀ»፣ «ሳቀ» ይከተላሉ፤ ታሪኩ በአራት ግሥ አለቀ ማለት ይቻላል። ጉርጡ ግን ወንድ ቢሆን ይመረጣል። ሴት ከሆነች ያለፈ ድርጊት ሁሉ በ«ች» ስለሚያበቃ «መጣች»ም «በላች»ም ይገባሉ፤ ያለ ልፋት የተገኘ ቤት ደግሞ አያስቅም።

በእንግሊዝኛም ቢሆን ቀላል የሚመስለው ስንኝ ብዙ ተሰርዞና ተደልዞ የሚገኝ ነው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የከርላን ስብስብ የልጆች መጻሕፍት ደራስያንን ረቂቆችና የሠዓሊዎችን የመጀመሪያ ሥዕሎች ያኖራል። ስብስቡ ያለበት የአንደርሰን ቤተ መጻሕፍት፣ ምሥራቅ አፍሪካውያን በብዛት ከሚኖሩበት ከሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር አጠገብ ነው።