ጎርፉን ከላይ መቀልበስ፤ ከግራና እርሻ እስከ ድንጋይ ከሰል ጉድጓድ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ ወደ መርሳ ሲቃረብ በስተ ምዕራብ የተራራ ግንብ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ወደ አፋር ቆላ የሚያዘቀዝቅ አገር ይታየዋል። ግራና የምትገኘው በዚሁ በሀብሩ ወረዳ ውስጥ ነው። ተራራው ቀጥ ያለ በመሆኑ በሐምሌና በነሐሴ ከላይ የዘነበው ዝናብ ሳይውል ሳያድር ከታች ይደርሳል። ሜዳውን ያለመለመው ይኸው ውሃ ተሸክሞ ያመጣው አፈር ነው፤ ማሽላውንና ጤፉን ጠርጎ የሚወስደውም ይኸው ውሃ ነው።

ስለዚህ የዚህ አገር ገበሬ ጎርፍን የሚከላከለው ማሳው ውስጥ ከገባ በኋላ አይደለም። ከማሳው በላይ፣ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ ቦይ ይቆፍራል፤ የቆፈረውንም አፈር በታችኛው በኩል ይከምረዋል። ከላይ የመጣው ውሃ ቦዩን ሲያገኝ አቅጣጫውን ለውጦ በማሳው ዳር ያልፋል። የእርሻ ባለሙያዎች ይህን «የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ» ይሉታል። ቦዩ ዝቅ ማለት ያለበት በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ ሜትር እስከ 1 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ቢያንስ ደለል ይሞላዋል፤ ቢበልጥ ደግሞ ውሃው ራሱን ቦዩን እየቦረቦረ ይወስደዋል። ነገሩ በገመድና በውሃ ልክ የሚሠራ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በልኩ ያልተሠራ ቦይ ከነጭራሹ ካለመኖሩ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ተበታትኖ ይወርድ የነበረውን ጎርፍ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ሲለቀው ቦረቦር ይፈጠራልና።

ወሎ በዚህ ረገድ ለአገሪቱ ትምህርት ቤት ሆና ነበር ለማለት ይቻላል። በፈረንጆች 1981 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ማይባር በተባለው ቦታ፣ በእርሻ ሚኒስቴርና በስዊስ አገር በሚገኘው በበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ከተዳፋት መሬት የሚታጠበው አፈርና የሚወርደው ውሃ ይለካ ጀመር። ከ1977 ዓ.ም. ረኀብ በፊትም በኋላም በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ለእህል እየሠራ እርከን ያሠረው በዚሁ አገር ነው።

አንባቢያችን ታዲያ ይህ ከድንጋይ ከሰል ጋር ምን ያገናኘዋል ይል ይሆናል። ከመርሳ ወደ ደሴ ሲሄዱ ውርጌሳ ታልፎ ውጫሌ ይገኛል። ውጫሌን ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተደረገው ውል ነው፤ በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ ግን በድንጋይ ከሰልዋም ትጠቀሳለች። እንደ ጭልጋ፣ እንደ ያዩና እንደ ደልቢ ሞዬ ሁሉ፣ የውጫሌም ከሰል ጥንት እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ድንጋይ ንብርብር መካከል የተኛ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ ይገዙት የነበረውን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት በየቦታው ቁፋሮ ስለ ተጀመረ፣ ተዳፋት መሬት ላይ ጉድጓድ መክፈት እንግዳ ነገር አይደለም።

ከተራራ ግርጌ የተከፈተ ጉድጓድ ደግሞ ለጎርፍ የተዘጋጀ ገንዳ ማለት ነው። እስቲ በሒሳብ እንየው። በ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ከጉድጓዱ በላይ ያለው ተዳፋት 20 ሄክታር ቢሆን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ግማሹ መሬት ውስጥ ቢሰርግ፣ የቀረው 4,000 ሜትር ኩብ ነው። ይህም 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ ቦቴ 200 ጊዜ ተመላልሶ የሚያነሣው ውሃ ነው። ይህን ሁሉ በፓምፕ ለማውጣት የሚቃጠለው ናፍጣ ከሰሉ ከሚያስገኘው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል፤ የረጠበ ከሰልም ለፋብሪካው እሳት አይመችም፤ ውሃ የጠጣ የጉድጓድ ግድግዳ በሠራተኛ ላይ መናዱንም መርሳት አይገባም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ውሃው መበከሉ ነው። በከሰል ውስጥ ብዙ ጊዜ ብረትና ድኝ የተዋሐዱበት ፒራይት የሚባል ማዕድን አለ። ይህ ማዕድን አየርና ውሃ ሲያገኘው የድኝ አሲድ ይፈጠራል፤ ከብረቱም የተነሣ የወንዙ ድንጋይ የዛገ ይመስላል። ከላይ ሲመጣ ንጹሕ የነበረው ውሃ በጉድጓዱ ካለፈ በኋላ ለመስኖም ለከብትም የሚያሰጋ ሆኖ ይወጣል። (ንጹሕ ስንል የሚጠጣ ማለታችን አይደለም፤ የተራራ ጎርፍ መቼም ድፍርስ ነው፤ ከሰሉን ያልነካ ማለታችን ነው።) የቀልባሹ ቦይ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ውሃዎች እንዳይገናኙ ይለያቸዋል። ጉድጓዱ ውስጥ በቀጥታ የዘነበው ጥቂት ውሃ ወደ ደለል ማስቀሪያ ኩሬ ሄዶ ይጣራል፤ ብዙው ውሃ ግን ሳይነካ ያልፋል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ ሁሉንም ማጣራት ግዴታ ይሆናል።

አሜሪካኖች ይህን በሕግ የወሰኑት በፈረንጆች 1977 ዓ.ም. በወጣው የገጸ ምድር ማዕድን ሕጋቸው ነው። በዚያ ሕግ መሠረት በወጣው ደንብ፣ ጊዜያዊ የጎርፍ መቀልበሻ በ2 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን፣ ቋሚው ደግሞ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን የ6 ሰዓት ዝናብ ማሳለፍ አለበት። ወንዝን ለማዞር ሲሆን ልኩ ወደ 10 እና ወደ 100 ዓመት ከፍ ይላል። እኛ ግን ይህን ቁጥር እንዳለ መገልበጡ አይዋጥልንም። የወሎ ዝናብ ስድስት ሰዓት የሚጠብቅ አይደለም፤ አብዛኛውን ኃይሉን በአንድ ሰዓት ውስጥ አውርዶ ሊያባራ ይችላል። ቦዩ መለካት ያለበት በዚያ በአንዱ ሰዓት ነው።

በኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ቁፋሮው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ እንዲጠና ደንግገዋል። እንግዲህ የጥናቱ ወረቀት በወጣት ሹም ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ የግራና ገበሬ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀውን እርሱም ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ይኸውም ውሃው የሚለቀቀው በማን ማሳ ላይ ነው የሚለው ነው። ጉድጓዱን ያዳነ ቦይ የጎረቤቱን ማሽላ ከወሰደው፣ ጉዳዩ ከመሐንዲሱ እጅ ወጥቶ ወደ ሽማግሌና ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በካርታው ላይ ቦዩን የሚያሳየው መስመር ከፈቃዱ ወሰን ላይ ካበቃም ጥናቱ ገና አልተጨረሰም። መስመሩ ሣር በለበሰ መውረጃ አድርጎ እስከ ወንዙ መድረስ ይኖርበታል። ይህ መውረጃ የሚሰናዳው ደግሞ ቁፋሮው ከሚጀመርበት ክረምት አስቀድሞ ባለው ክረምት ነው፤ ሣሩ ሥር ለመስደድ አንድ ክረምት ይፈልጋልና።