ስለ መረጃ ጎተራ፦ ስማችን የት የት ተጽፏል?



በቅርቡ አንዲት እናት ሁለት ዓመት የሆነውን ልጇን አዝላ ወደ እኔ መጣች። በሕፃናት ክትባት ጣቢያ ያለችው ነርስ «ይህ ልጅ አንድም ክትባት አልወሰደም» ብላታለች። እናትየው ግን እዚህ አገር በገቡ በሳምንቱ ልጁ ሲወጋ በዓይኗ አይታለች። ሁለቱም አልዋሹም። ክትባቱ የተጻፈው ልጁ የተኡዳት ዜሁት ቁጥር ከማግኘቱ በፊት በተሰጠው ጊዜያዊ ቁጥር ነበር፤ ነርሷ ያየችው በአዲሱ ቁጥር የተከፈተውን መዝገብ ነው። አንዱ ልጅ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሁለት ሰው ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት አውድማን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይቸገርም። እህሉ ከየማሳው ይሰበሰባል፣ ይወቃል፣ ገለባው በነፋስ ይለያል፤ ጎተራ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ለዕለት የሚፈጨው በስልቻ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ለዘር ስንት ይቅር፣ ለገበያ ስንት ይውጣ ተብሎ የሚመከረው ግን ጎተራው ታይቶ ነው።

ትላልቅ ድርጅቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ኩፓት ሆሊምን እንውሰድ። ሐኪሙ የሚጽፍበት፣ መድኃኒት ቤቱ የሚጽፍበት፣ የደም ምርመራው የሚመዘገብበት ልዩ ልዩ ነው፤ እያንዳንዱ ለዕለት ሥራ የተዘጋጀ ስልቻ ነው። የሁሉም ግልባጭ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ወደ አንድ ቦታ ይወሰዳል። እዚያም ቀኑ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይስተካከላል፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈው ይጣመራል፣ ሁሉም በተኡዳት ዜሁት ቁጥር ሥር ይገባል። የዘንድሮው ሲገባ የአምናው አይጣልም። ይህን በዕብራይስጥ «ማሕሳን ኔቱኒም» ይሉታል፤ የመረጃ ጎተራ እንበለው። ጎተራውን እያዩ ውሳኔ መስጠት ደግሞ «ቢና ኢስኪት» ይባላል። በእንግሊዝኛው «ቢዝነስ ኢንተለጀንስ» ሲሉት የሰሙ አንድ አባት «ስለላ ነው እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። አይደለም፤ ማመዛዘን ነው።

ጥቅሙ ትልቅ ነው። የአገሪቱን ሕዝብ ግማሽ ያህል የምታገለግለው ኩፓት ሆሊም ክላሊት በ2021 በየካቲት ወር ያወጣችው ጥናት ለዚህ ምስክር ነው። የኮሮና ክትባት የወሰዱ 596,618 ሰዎችን፣ እያንዳንዳቸውን በዕድሜና በጤና ሁኔታ ከሚመስላቸው ካልተከተበ ሰው ጋር በማስተያየት፣ ሁለተኛው ክትባት ሳምንት ካለፈው በኋላ በሽታው ምልክት አሳይቶ እንዳይዝ 94 በመቶ ያህል እንደሚከላከል አሳየች። ያን ያህል ሰው ቤት ለቤት ቢጠየቅ ዓመታት ይፈጅ ነበር። መረጃው በጎተራው ስለነበር ግን ሥራው በጥቂት ሳምንታት አለቀ።

ጎተራ ግን ያገባበትን ነው የሚሰጠው። እዚህ ላይ የእኛ ቤተሰቦች ጣጣ ይመጣል።

ቁጥሩ ራሱን ይጠብቃል። የተኡዳት ዜሁት ቁጥር ዘጠኝ አሃዝ ነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ከፊተኞቹ ስምንት በስሌት የምትገኝ ስለሆነች፣ ጸሐፊው አንዱን አሃዝ ቢሳሳት ኮምፒዩተሩ ወዲያው ያውቀዋል። ለስምና ለልደት ዘመን ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም። የአንድ እናት ልጆች በተለያየ ዓመት መጥተው፣ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም እንደ ሚሽፓሃ ስም ይዘው ይገኛሉ። ስሙም በዕብራይስጥ ፊደል አንድ ቦታ በአሌፍ፣ ሌላ ቦታ በዓይን ይጻፋል።

የልደት ዘመኑ ይብሳል። በ1960 በእኛ አቆጣጠር የተወለደ ሰው እዚህ 1967 ወይም 1968 ተብሎ መጻፍ አለበት። 1960 ተብሎ እንዳለ ከገባ ሰውየው በአንድ ቀን ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ። «ጡረታዬ ይቀርባል» ብሎ የሚደሰት አይጠፋም፤ ነገር ግን ቀጣሪው በዕድሜው ምክንያት ሊመልሰው ይችላል። በግምት ዕድሜያቸው ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ደግሞ የባሰ ይጎዳሉ። የአንጀት ካንሰርን ቀድሞ ለማወቅ የሚደረገው የሰገራ ምርመራ በተወሰነ የዕድሜ ክልል ላሉት ነው፤ የሚጠሩትን ስም የሚያወጣው ኮምፒዩተሩ ነውና፣ በወረቀት ዕድሜያቸው ከዚያ በታች የሆነ እናት ደብዳቤ አይደርሳቸውም።

ስርቆትም አለ። በ2006 የሕዝብ ምዝገባው መረጃ፣ የሞቱትን ጨምሮ ከዘጠኝ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተጻፉበት፣ በአንድ የኮንትራት ሠራተኛ ተሰርቆ ነበር፤ መያዙ የተነገረው በ2011 ነው። ስለዚህ በስልክ ቁጥራችሁን ለሚጠይቅ ለማታውቁት ሰው አትስጡ።

የ1981 የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ ስለ እናንተ የተጻፈውን እንድታዩ፣ ስሕተት ካለም እንዲታረም እንድትጠይቁ መብት ይሰጣችኋል። ራሳችሁ መሄድ ባትችሉ በጽሑፍ የወከላችሁት ሰው ሊያይላችሁ ይችላል። ስምን በተመለከተ መነሻው የሚስራድ ሃፕኒም መዝገብ ነው። የልደት ዘመንን ማስቀየር ግን ከባድ ማስረጃ ይጠይቃል፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት ያደርሳል፤ ስለዚህ ገና ሲጻፍ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ብላችሁ ለጸሐፊው ንገሩ፣ የተጻፈውንም ከመፈረማችሁ በፊት ዕብራይስጥ በሚያነብ ሰው አስነብቡ። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቻችሁ በተኡዳት ዜሁታችሁ ሴፋህ ላይ ሁሉም መኖራቸውንም ቁጠሩ።

ያቺ እናት በጊዜያዊው ቁጥር የተጻፈችውን የክትባት ወረቀት ከሻንጣ ሥር አግኝታ አመጣች። ነርሷ ሁለቱን መዝገቦች አንድ አደረገቻቸው፤ ልጁም የቀረውን አንዱን ብቻ ተወጋ።