አዲስ አበባ ያልበራው መብራት አዳማ ላይ ለምን ይበራል?
የነዳጅ ትነት ቀዳዳና የአሮጌ መኪና ድርድር

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ የነዳጅ መኪና ገበያ በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አሮጌ መኪና ገበያ ሆኗል። አዲስ ዕቃ በማይገባበት ገበያ ያለው ዕቃ ያረጃል፤ ባረጀ ቁጥርም ሻጭ የሚያውቀውና ገዢ የማያውቀው ነገር ይበዛል።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አኬርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ በምሳሌነት የወሰደው ይህንኑ የአሮጌ መኪና ገበያ ነበር። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የሚሰጠው ዋጋ ይወርዳል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ደግሞ በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል። አኬርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ መስክ ባደረገው ጥናት ነው።

በእኛ ገበያ ይህን የመረጃ ክፍተት በግልጽ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዷ በዳሽቦርድ ላይ የምትበራው ቢጫ የሞተር ምልክት ናት። መብራቷ ስትታይ ገዢው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ዋጋ ይሰብራል፤ ደላላው «የነዳጅ ክዳን ላልቶ ነው» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ሳያረጋግጡ ነው የሚናገሩት።

ለመሆኑ ትነቱ ምንድን ነው?

ቤንዚን ታንክ ውስጥ ተቀምጦም ይተናል። ትነቱ አየር እንዳይበክል ካሊፎርኒያ ከ1970፣ መላው አሜሪካ ደግሞ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ መኪናዎች መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው አስገድደዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ትነቱ በቱቦ ወጥቶ ከሰል ወደ ተሞላ ሣጥን ይገባል፤ ከሰሉም ይይዘዋል። ሞተሩ ሲሠራ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቫልቭ ተከፍቶ ትነቱ ወደ ሞተር ይሳብና ይቃጠላል። ሌላ ቫልቭ ደግሞ ሣጥኑን ንጹሕ አየር ያስተነፍሰዋል።

ከ1996 ሞዴል ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ መኪናዎች ይህን ሥርዓት በራሳቸው ኮምፒውተር እንዲፈትሹ ተደርጓል። ኮምፒውተሩ ቫልቮቹን ይዘጋና ግፊቱ ይቀየር እንደሆነ ይመለከታል። መጀመሪያ 1 ሚሊ ሜትር፣ ከ2000 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ደረጃ በደረጃ የግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ጭምር እንዲያገኝ ተጠይቋል። የአውሮፓ ሕግ ግን ይህን የቀዳዳ ፍተሻ ግዴታ አላደረገም። ስለዚህ ጉዳዩ በተለይ የሚመለከተው ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩትን መኪናዎች ነው።

የመመርመሪያ መሣሪያው ፒ 0455 ካለ ትልቅ ቀዳዳ፣ ፒ 0442 ካለ ትንሽ፣ ፒ 0456 ካለ በጣም ትንሽ ቀዳዳ ማለት ነው። ፒ 0457 የክዳን መላላትን ያመለክታል። ከእነዚህ አንዱም ሞተር አለቀ ማለት አይደለም። ሆኖም አንድ መብራት በርቶ ከቆየ ሌላ ከባድ ብልሽት ቢመጣ አይለይም፤ የቤንዚን ሽታ ካለ ደግሞ የእሳት አደጋ ስላለ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም።

ከርካሹ ወደ ውዱ

የምርመራው ቅደም ተከተል በወጪ ቢሆን ያዋጣል። በመጀመሪያ የነዳጅ ክዳኑ ይታያል፤ የላስቲክ ቀለበቱ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ይቀየራል። ቀጥሎ የነዳጅ መሙያው አንገት ዝገት፣ የላስቲክ ቱቦዎቹም መሰንጠቅ ይታያል። ሦስተኛ ሞተሩ አጠገብ ያለው ቫልቭ ይፈተሻል። መዘጋት በሚገባው ሰዓት በታንኩ በኩል ያለው ቀዳዳ ጣት የሚስብ ከሆነ ቫልቩ አልዘጋም ማለት ነው። ከከሰሉ ሣጥን አጠገብ ያለው ቫልቭ ደግሞ በአቧራና በጭቃ ይበላሻል።

በዓይን የማይታየውን ቀዳዳ የሚያወጣው የጭስ ምርመራ ነው። መሣሪያው በጣም አነስተኛ በሆነ ግፊት ጭስ ያስገባል፤ ጭሱ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። በዚህ ፈንታ ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር መንፋት ታንክና ቱቦ ያበላሻል፤ አየርና የቤንዚን ትነት ሲቀላቀሉም የሚፈነዳ ነገር ይፈጠራል። እንዲህ የሚያደርግ ጋራዥ ካለ መኪናን አውጥቶ መሄድ ነው።

ማደያ ላይ የመቅጃው እጀታ ከቆመ በኋላ «ሙላው» ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። ትርፉ ቤንዚን ወደ ከሰሉ ሣጥን ሊገባና ሣጥኑን ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል።

የከፍታው ምስጢር

የአሜሪካ ደንብ መኪና አምራቾች ከ8,000 ጫማ ማለትም 2,438 ሜትር ገደማ በላይ ፍተሻውን እንዲያቆሙት ይፈቅዳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተን ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል። ሽሮ ሜዳ ከዚህ ወሰን በላይ ነው፤ ቦሌ በታች ነው። አዳማ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች።

በዚህ ላይ ፍተሻው ብዙ ጊዜ የሚካሄደው መኪናው አድሮ ሲቀዘቅዝና ታንኩ ከ15 እስከ 85 በመቶ ነዳጅ ሲይዝ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚያድር፣ ወይም መሸጫ ቦታ ጥቂት ሊትር ይዞ የቆመ መኪና ወራት ሙሉ ላይፈተሽ ይችላል። ገዢው አዳማ ወስዶ ሲያሳድረው ግን ፍተሻው ይካሄዳል፤ ቀዳዳው ካለ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ፍተሻ መብራቱ ይበራል። ገዢም ተታለልኩ ይላል። ሻጩ ግን ምንም ሳያውቅ ሊሆን ይችላል።

የሚያውቅ ሻጭም አለ። ኮዱን በመሣሪያ አጥፍቶ መኪናውን ለገበያ ያቀርባል። ይህን መለየት ይቻላል፤ መሣሪያው የትኞቹ ፍተሻዎች እንደተጠናቀቁ ያሳያልና። ያልተጠናቀቀው የትነቱ ፍተሻ ብቻ ከሆነ ከፍታው ወይም የነዳጁ መጠን ምክንያት ሊሆን ይችላል። የሌሎቹም ፍተሻዎች ካልተጠናቀቁ ግን በቅርቡ ኮድ ጠፍቷል ወይም ባትሪ ተነቅሏል ማለት ነው። ሻጩ ምክንያቱን ሊጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ ድርድሩ በዚህ ላይ ቢመሠረት ለሁሉም ይበጃል። ገዢ በመብራቷ ምክንያት የሞተር ዋጋ አይቀንስ፤ የጭስ ምርመራና የተበላሸው ዕቃ መለዋወጫ ዋጋ ይቀንስ። ፍተሻው ያልተጠናቀቀ መኪና ሲገዛም ከክፍያው ጥቂቱ በውል ተይዞ፣ ታንኩ በግማሽ ተሞልቶ፣ መኪናው ዝቅ ባለ ከተማ ሁለት ሦስት ሌሊት ከአደረ በኋላ ሂሳቡ ይዘጋ። ደላላውም ኮሚሽኑን ለመቀበል እነዚያን ሌሊቶች ቢታገሥ አይጎዳም፤ ያለ ጭቅጭቅ የተዘጋ ሽያጭ ሌላ ደንበኛ ያመጣለታልና።