አጥቢያው የጠራው መምህር

እሑድ ጠዋት ኦርጋን የሚጫወተው እሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ፊደል የሚያስቆጥረውም እሱው ነው። መዘምራኑን ያስጠናል፣ በብዙ ቦታ ደወሉን ይደውላል፣ ምእመናኑ ለስብሰባ ሲቀመጡ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ በሰፈሩት የጀርመን ሉተራኖች ዘንድ ከፓስተሩ ቀጥሎ የሚከበር ሰው ነበር፤ «ሌረር» ይሉታል፣ መምህር ማለታቸው ነው። እኛ ዘንድ የኔታና መሪጌታ በአንድ ሰው ላይ ቢደረቡ ወደ እሱ ይቀርባሉ፤ ይህኛው ግን ሱፍ ለብሶ፣ ቫዮሊን ይዞ የሚመጣ ነው።

የዚህ ሙያ የአሜሪካ ታሪክ በአብዛኛው ከሳክሶኒ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1838 መገባደጃ ከ600 የሚበልጡ ሳክሶናውያን ሉተራኖች በአምስት መርከቦች ከብሬመን ተነሡ። የአገራቸው ቤተ ክርስቲያን የአባቶችን እምነት በረዘች ብለው የተቆጡ ሰዎች ነበሩ። አማሊያ የተባለችው መርከብ ከነተሳፋሪዎቿ አትላንቲክ ላይ ጠፍታ ቀረች። የተረፉት ኒው ኦርሊንስ ወርደው የሚሲሲፒን ወንዝ ሽቅብ ተከትለው ሴንት ሉዊስ ገቡ። ወራት ሳይቆጠሩ ደግሞ መሪያቸው ማርቲን ስቴፋን በዝሙትና በገንዘብ ብክነት ተከሶ ተባረረ፤ ጀልባ ላይ ጭነው ወንዙን አሻገሩና ኢሊኖይ ዳር አራገፉት።

መሪ በሌለበት፣ የጋራ ገንዘባቸው ባለቀበት በዚያው ዓመት ያደረጉት ነገር ነው የሚያስገርመው። በዲሴምበር 1839 ሚዙሪ ውስጥ አልተንበርግ በምትባል መንደር ከግንድ በሠሯት ባለአንድ ክፍል ቤት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል ላቲንና ግሪክ ነበሩ። ቤቷ ዛሬም ቆማለች።

በ1847 እነዚህ ሳክሶናውያንና ሌሎች ጀርመናውያን ሉተራኖች ቺካጎ ላይ ተሰብስበው በኋላ የሚዙሪ ሲኖዶስ ተብሎ የታወቀውን ኅብረት መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲ. ኤፍ. ደብልዩ. ቫልተር ሆነ። አንድ አጥቢያ ከተቋቋመ ትምህርት ቤት እንዲኖረው ይጠበቅ ነበር። መምህር ካልተገኘ ፓስተሩ ራሱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠመኔ ይይዛል። መምህር ደግሞ አይገኝም ነበር፤ ከጀርመን የሚመጣው ጥቂት፣ ስደተኛው ብዙ።

ጉድለቱን ለመሙላት ከተነሡት አንዱ ዮሐን ክሪስቶፍ ቪልሄልም ሊንደማን ነው። በ1827 ጎቲንገን ተወልዶ በ1848 አሜሪካ ገባ። ባልቲሞር በሉተራን ትምህርት ቤት አስተማረ፣ ፎርት ዌይን ነገረ መለኮት ተማረ፣ ክሊቭላንድ ላይ ፓስተር ሆነ። በ1864 የሲኖዶሱ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፎርት ዌይን ወደ አዲሰን፣ ከቺካጎ በስተምዕራብ ወዳለች የጀርመን ገበሬዎች ቀበሌ፣ ሲዛወር ዳይሬክተር ተደርጎ ተሾመ። በተከታዩ ዓመት ለመምህራን «ሹልብላት» የተባለ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። ከመንደር የመጡ የገበሬ ልጆች እሱ ዘንድ ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ የሃይማኖት ትምህርት)፣ ሒሳብና ጀርመንኛ ሰዋስው ብቻ አይደለም የሚማሩት፤ ቫዮሊን፣ ፒያኖና ኦርጋን ሳይለማመዱ መውጣት አይታሰብም ነበር። ቫዮሊኑ ለክፍል ነው፤ መምህሩ ዜማውን በእሱ እየመራ ልጆቹን ያዘምራል። ኦርጋኑ ለእሑድ ነው።

ሊንደማን በጃንዋሪ 1879፣ ገና በ52 ዓመቱ፣ ሥራው ላይ እያለ ሞተ። በአሜሪካ የሉተራን መምህር ክፍሉን እንዴት እንደሚመራ የጻፈው የማስተማር ዘዴ መጽሐፍ የታተመው በዚያው ዓመት ነው። ለዐሥራ አምስት ዓመታት ያሠለጠናቸው ደግሞ በየአጥቢያው ተበትነው ነበር።

የአንድ ሌረር ቀን በመዝሙርና በጸሎት ይከፈታል። ጠዋቱ የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም በቃል፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ ንባብ፣ ሁሉም በጀርመንኛ። ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛው ይመጣል። አንድ ክፍል ውስጥ የስድስት ዓመት ሕፃንና እምነቱን በጉባኤ ፊት ለሚያረጋግጥበት ሥርዓት የደረሰ የዐሥራ ሦስት ዓመት ጎረምሳ አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ረድፍ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ሰሌዳው ላይ ያሰላል። ደመወዙ ትንሽ ነው። ቤት ይሰጠዋል፣ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ፤ ማገዶና እህልም ከገበሬው ይመጣለታል። የመምህሩ ሚስት ያለ ደመወዝ የምትሠራ ሁለተኛ ሠራተኛ እንደነበረች ለመገመት አይከብድም።

እንደ ሌላ ሠራተኛ ግን አይቀጠርም። ይጠራል። ምእመናኑ በድምፅ ይመርጡትና የጥሪ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ሌላ አጥቢያ ቢጠራው ደግሞ ያለበት ጉባኤ በሰላም እንዲያሰናብተው ይጠይቃል። ቫልተር የመምህሩን አገልግሎት ከስብከቱ አገልግሎት የሚወጣና እሱን የሚያግዝ አድርጎ ነው ያስተማረው። ስለዚህ ሌረሩ ግማሽ ቄስ ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህ ግማሽነቱ ከሞቱ በኋላም ፍርድ ቤት ያስቆመዋል።

የመጀመሪያው ብርቱ ግጭት ከመንግሥት ጋር የመጣው በ1889 ነው። የዊስኮንሲን ግዛት የቤኔት ሕግ በተባለው ድንጋጌ ዋና ዋና ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ይሰጡ አለ፤ ኢሊኖይም ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ሕጉን የደገፈው አገረ ገዥ ዊልያም ሆርድ በወተት ላም እርባታ ዕውቀቱ የተከበረ፣ ለገበሬዎች መጽሔት የሚያሳትም ሰው ነበር፤ ላም የሚያልበው ጀርመናዊ ገበሬ ግን በትምህርት ቤቱ ጉዳይ አልሰማውም። ሉተራንና ካቶሊክ፣ በሌላ ቀን ዐይንና ናጫ የሆኑት፣ በ1890 ምርጫ አብረው ቆመው ጣሉት። በ1891 ሕጉ ተሻረ።

ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ግን ምርጫ የሚያድን አልሆነም። በኤፕሪል 1917 አሜሪካ በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ የጎረቤት ቋንቋ የጠላት ቋንቋ ሆነ። ሲኖዶሱ በዚያው ዓመት «ጀርመናዊ» የሚለውን ቃል ከስሙ አወጣ። በ1918 የአይዋ አገረ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በስብከት ሳይቀር ከእንግሊዝኛ ሌላ እንዳይነገር በአዋጅ ከለከለ። በስልክ ያወራች አሮጊት የምትቀጣበት ዘመን መጣ። በሌላው የዓለም ጫፍም የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት በ1917 አርባ ዘጠኝ የሉተራን ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው ኔብራስካ የባሰውን ያደረገችው። በኤፕሪል 1919 የወጣው የሲማን ሕግ ስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ልጅ የውጭ ቋንቋ እንዳይማር በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤት ከለከለ። ቅጣቱ ከ25 እስከ 100 ዶላር ወይም እስከ 30 ቀን እስራት።

በሃሚልተን ካውንቲ የጽዮን አጥቢያ መምህር ሮበርት ሜየርና ምእመናኑ አንድ መላ ዘየዱ። የምሳ ዕረፍቱን አራዘሙና ከሰባት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል ያለው ጊዜ ከመደበኛ ትምህርት ውጭ ነው አሉ፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ልጆቹ ጀርመንኛ ያነባሉ፣ ወላጆቻቸው በሚያመልኩበት ቋንቋ እንዲያመልኩ። ሜይ 25 ቀን 1920 የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ መጣ። ሜየር በኋላ እንደተናገረው ሰውየውን ሲያይ ምርጫው ግልጽ ሆኖለት ነበር፦ ወደ እንግሊዝኛ ቢዞር ምንም አይደርስበትም፣ በጀርመንኛ ቢቀጥል ይከሰሳል። በጀርመንኛ ቀጠለ። የዐሥር ዓመት ልጅ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ስብስብ ያነብ ነበር፤ ዐቃቤ ሕጉም ልጁን እንዲያነብ አደረገው። ክሱን የተሸከመው ይህ ንባብ ነው።

ፍርዱ 25 ዶላር ሆነ። ሜየር አልከፍልም አለ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 ቅጣቱን አጸና። ጉዳዩን ዋሽንግተን ድረስ ይዞ የሄደው ጠበቃ አርተር ሙለን ደግሞ ሉተራን እንኳ አልነበረም፤ የአየርላንድ ዘር ያለው ካቶሊክ ነው።

ጁን 4 ቀን 1923 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ለ2 ድምፅ ሕጉን ሻረ። ውሳኔውን የጻፈው ዳኛ ጄምስ ማክሬይኖልድስ በጠባብነቱ የታወቀ፣ አይሁዳዊ ባልደረባውን ብራንዳይስን ለዓመታት ያላናገረ ሰው ነበር። የነጻነት ወረቀት ከእንዲህ ያለ እጅ መውጣቱን ታሪክ አዋቂዎች እስካሁን እየተገረሙ ያነሡታል። ስፓርታን ጠቅሶ፣ ፕላቶን ጠቅሶ፣ ልጆችን ከወላጅ ነጥሎ በአንድ ቅርጽ መሥራት የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መንገድ አይደለም አለ። መምህሩ ሙያውን የመሥራት፣ ወላጆችም ለልጃቸው እንዲያስተምር እሱን የመያዝ መብት አላቸው ተባለ። በ1925 የግል ትምህርት ቤቶችን ከመዘጋት ያዳነው የኦሪገን ፍርድ፣ በ1965 ደግሞ የባልና ሚስትን ገመና ከመንግሥት ዐይን የከለለው ፍርድ ይህን ውሳኔ ጠቅሰዋል። ዛሬ ዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት በሰንበት አማርኛ የሚማሩ ልጆች ዐቃቤ ሕግ ይመጣብናል ብለው የማይሰጉበት አገር ከተሠራባቸው ፍርዶች አንዱ ይኸው ነው።

ለሌረሩ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘግይቶበታል። መብቱ ሲመለስለት ተማሪው ሄዶ ነበር። የ1924ቱ የኮታ ሕግ ከአውሮፓ የሚመጣውን ስደተኛ ገደበ፤ በጦርነቱ የተሸማቀቁ ወላጆች ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ማናገር ጀምረዋል፤ ወጣቶቹ ስብከቱንም በእንግሊዝኛ ጠየቁ። ማሠልጠኛው በ1913 ወደ ሪቨር ፎረስት ተዛውሮ ነበር፤ ዛሬ ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ቺካጎ ይባላል። የሊንደማን «ሹልብላት» ስሙንም ቋንቋውንም ለውጦ የእንግሊዝኛ መጽሔት ሆነ። ሴቶች መምህራን በዙ፣ ኦርጋኑን ሌላ ሰው ተረከበው። ቫዮሊን ይዞ ክፍል የሚገባውን ሰው ያጠፋው የሲማን ሕግ ብቻ ነው የሚል ካለ ግማሹን ነው የሚያየው፤ በራሱ ተማሪዎች ቤት የሚነገረው ቋንቋ መለወጡ ከየትኛውም ምክር ቤት ይበልጥ ጎድቶታል።

ጥሪው ግን አልጠፋም። በሚዙሪ ሲኖዶስ ትምህርት ቤቶች ዛሬም የተጠራ መምህርና በውል የተቀጠረ መምህር ይለያሉ። ልዩነቱ የወረቀት ይመስል ነበር፣ ሆሳዕና ታቦር የተባለ የሚሺጋን ትምህርት ቤት እስኪከሰስ ድረስ። አራተኛ ክፍል የምታስተምር አንዲት የተጠራች መምህርት ታመመች፣ በፈቃድ ቆየች፣ ድና ልመለስ ስትል ቦታሽ ተይዟል ተባለች፣ እከሳለሁ ስትል ተሰናበተች። አካል ጉዳተኞችን የሚጠብቀው ሕግ ለእሷ የቆመ ይመስል ነበር። በጃንዋሪ 2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ9 ለ0 ድምፅ፣ አጥቢያው ጠርቷታልና አገልጋይ ናት፤ አገልጋዩን የመሾምና የመሻር ሥልጣን የቤተ ክርስቲያን እንጂ የመንግሥት አይደለም ብሎ ክሱን ዘጋው። ሜየርን ከመንግሥት ክስ ያዳነው ያው ፍርድ ቤት፣ በጥሪ ማዕረጓ የተነሣ ሕጉ ይህችን መምህርት ከአሠሪዋ እንዳይጠብቃት አደረገ። ለእኔ ፍርዱ ለቤተ ክርስቲያኗ ትክክል፣ ለመምህርቷ ግን ጨካኝ ነው። መምህርቷ በቀን ሃይማኖት የምታስተምረው 45 ደቂቃ ያህል እንደነበር፣ የቀረው ጊዜዋ በሒሳብና በመሰል ትምህርቶች እንደሚያልፍ ለዳኞቹ ቀርቦላቸዋል፤ እነሱም እንዲህ ያለው ጥያቄ በሰዓት ቆጠራ አይፈታም ብለው መለሱ።