ያውቁ ኖሯል? አክተሩ ክፉው ሰውዬ ሲሆን

«አክተር አይሞትም» ይባላል በየሲኒማ ቤቱ። አክተሩ ራሱ ክፉው ሰውዬ የሆነበት ፊልም ግን ሌላ ጣጣ አለው። «ዘ ሀንገር ጌምስ፦ ዘ ባላድ ኦፍ ሶንግበርድስ ኤንድ ስኔክስ» በኅዳር 2023 ሲወጣ የሆነውን እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ያውቁ ኖሯል? ቅሬታው ከፊልሙ ብቻ ሳይሆን ከመጽሐፉም ቀድሞ ነበር የጀመረው። የሱዛን ኮሊንስ አዲስ ልብ ወለድ ስለ ወጣቱ ኮሪዮላነስ ስኖው መሆኑ በ2020 መጀመሪያ ላይ ሲሰማ፣ ብዙ አንባቢ አኮረፈ። የቀደሙትን ታሪኮች ጨካኝ ፕሬዚዳንት በልጅነቱ አይተን አንጀታችን ሊራራለት ነው? ከእባብ እንቁላል እርግብ አይጠበቅም! መጽሐፉ ግን በግንቦት ወጣ፤ አኩርፎ የነበረውም ገዝቶ አነበበው።

ታሪኩ የቀደሙት ፊልሞች ጀግና የካትኒስ ጀብዱ ከመጀመሩ 64 ዓመት በፊት ያለውን ይተርካል። ስኖው የ18 ዓመት ወጣት ነው፤ ስሙ የገነነ፣ ኪሱ ግን የነጠፈ ቤተሰብ ልጅ። ልጆች እርስ በርስ በሚገዳደሉበት 10ኛው ውድድር፣ ሉሲ ግሬይ የምትባል ዘፋኝ እንዲያማክር ይመደባል።

ሐያስያን ምን አሉ? በሮተን ቶማቶስ ድረ ገጽ ከመቶው 64 ያህሉ ወደዱት፤ ከተመልካቹ ደግሞ 90 ግድም። ልብ ይበሉ፣ 64 የፊልሙ ማርክ አይደለም፤ የወደዱት ሰዎች ድርሻ ነው። ሁሉም «ደህና ነው» ብለው ቢያልፉት 100 ያገኝ ነበር።

ሲኒማስኮር የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ ፊልሙን በመጀመሪያው ምሽት ያዩትን ሰዎች ማርክ ያሰጣል። ቢ ፕላስ ሰጡት። አያስከፋም፤ ነገር ግን የቀደሙት አራቱ የ«ሀንገር ጌምስ» ፊልሞች ከኤ ማይነስ ወርደው አያውቁም።

ከሁሉ የሚያስቀው የርዝመቱ ነገር ነው። 157 ደቂቃ ይፈጃል፤ እስከዚያ ከወጡት ከአምስቱ ፊልሞች የሚረዝመው ይኼ ነው። በሦስት ክፍል ተከፍሏል፤ ስኖው ወታደር ሆኖ ወደ 12ኛው ወረዳ የሚሄድበትን የመጨረሻውን ክፍል ብዙ ሐያሲ «ተጣደፈ» አለው። ያው ሐያሲ ፊልሙን «ረዘመ» ብሎም ወቅሶታል! ታዲያ ለምን ለሁለት አልተከፈለም? ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ላውረንስ ቀደም ያለውን የኮሊንስ መጽሐፍ «ሞኪንግጄይ»ን ለሁለት በመክፈሉ መጸጸቱን በዚያው ዓመት ተናግሮ ነበር።

የአንባቢዎቹ ወቀሳ ግን ሌላ ነው፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። መጽሐፉ ከስኖው ጭንቅላት ውስጥ አያስወጣንም፤ ቅናቱን፣ ስሌቱን፣ ልጅቷን እንደ ንብረቱ መቁጠሩን እናነባለን። ካሜራ ይህን ማየት አይችልም። ለውድድሩ በተዘጋጁት እባቦች ሣጥን ውስጥ የሉሲ ግሬይ ጠረን ያለበትን መሐረብ የሚጥልበትን ትዕይንት ይመልከቱ፤ እባቦቹ ጠረኗን ለምደው እንዳይነድፏት ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ፍቅር ነው ይላል። ያነበበው ግን ሊያሸንፍ የሚያጭበረብር ልጅም ያያል። ቲክቶክ ላይ ቶም ብላይዝ የተጫወተውን ስኖው በሙዚቃ እያጀቡ «እንዴት ያምራል!» ሲሉ የከረሙት ወጣቶች ከየትኛው ወገን እንደሆኑ መገመት አያቅትም።

ያውቁ ኖሯል? ሉሲ ግሬይን የተጫወተችው ሬቸል ዜግለር ዘፈኖቹን ቀረጻው ላይ በቀጥታ ነው የዘፈነችው። ፊልሙን ያልወደደው ሐያሲ እንኳ ድምፅዋን አላማም። የቫዮላ ዴቪስንና የጄሰን ሽዋርትዝማንንም ትወና ብዙዎች አድንቀዋል።

ገንዘቡስ? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ያስገባው 45 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም። ከቀደሙት አራቱ ከ100 ሚሊዮን በታች የጀመረ አልነበረምና ብዙው ሰው «አበቃለት» አለ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ገና የወጡትን የዲዝኒን «ዊሽ» እና የሪድሊ ስኮትን «ናፖሊዮን» በልጦ አንደኛ ወጣ። 100 ሚሊዮን ዶላር ግድም የወጣበት ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ330 ሚሊዮን በላይ አስገባ።

ሌላም ቅድመ ታሪክ መጥቷል። «ሰንራይዝ ኦን ዘ ሪፒንግ» የተሰኘው መጽሐፍ በመጋቢት 2025 ወጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት በእንግሊዝኛ ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በመጽሐፉ ላይ ለተመሠረተው ፊልም የጎልማሳውን ስኖው ቦታ የያዘው ራልፍ ፋይንስ ነው፤ የሃሪ ፖተሩ ቮልድሞርት።